ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የበሩ ደፍ፦ አሮጌ ስፖርት መኪናን በቤት ስለማሻሻል፣ ተረትና እውነታ

አሮጌ ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ወሬው ሁሉ ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። ትልቅ ካርቡራቶር፣ የሚያጓራ ማርሚታ፣ ሰፊ ጎማ፣ መሬት የሚልስ ቁመት። ፍሬኑ የሚታወሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝገቱ ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ግማሽ ተፈትተው አቧራ ለብሰው የቀሩ ብዙ መኪኖችን ለዚያ ያበቃቸው ይኸው መገልበጥ ይመስለኛል።

ነገሩን በአንድ መኪና ላይ እንየው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ የተሠራ መኪና ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ ከወጡት ሞዴሎች ጋር ተደምሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ አብዛኛውም ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገብቷል። ቨርጂኒያ ወይም ካሊፎርኒያ የሚኖር ወገናችን ዛሬም ጎረቤቱ ግቢ ሸራ ለብሶ ቆሞ ሊያገኘው ይችላል። መለዋወጫው አልጠፋም፤ ባዶ ቦዲው እንኳ ከ1988 ጀምሮ በጥንቱ ማተሚያ እንደገና ተመርቷል። በቁልፍና በካቻቢቴ የሚፈታ ቀላል መኪና ስለሆነ በቤት ለሚሠራ ሰው ተስማሚ ነው። ሁሉም ሰው ስለሚነካካው ግን በዙሪያው ብዙ ተረት ተከማችቷል።

«ዝገት የመልክ ጉዳይ ነው፤ በስቱኮ ይሸፈናል»

ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ኤምጂቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲው ነው። ጣሪያ በሌለው ሞዴል ላይ የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ የሚሸከመው በአብዛኛው ከበሮቹ በታች የሚያልፈው የላሜራ ሳጥን፣ ማለትም የበሩ ደፍ ነው። ደፉ ከውጭ ሲታይ አንድ ላሜራ ይመስላል። ሲከፈት ግን የውጭ ላሜራ፣ የውስጥ ላሜራ፣ መሐላቸው የቆመ ሌላ ላሜራና ከስር የሚደግፋቸው ቁራጭ አለው። ጭቃና ውሃ የሚጠራቀመው በእነዚህ መካከል ስለሆነ ዝገቱ የሚነሳው ከውስጥ ነው። ቀለሙ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክል እብጠት የታየ ዕለት ውስጡ ቀድሞ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ደፉ ላይ ሲንሸራተት ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አይዝም። ከዚያ በሩ እንደተዘጋ፣ በበሩና ከኋላው ባለው ላሜራ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ይመልከቱ። መኪናው በክሪክ ሲነሳ ያ ክፍተት ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ በሩም እንደ ቀድሞው አልከፈት ካለ፣ ቦዲው እየታጠፈ ነው ማለት ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ጉልበት መጨመር አደጋን ማፍጠን ነው።

ጥገናውም የራሱ ወጥመድ አለው። ሁለቱን ደፎች በአንድ ጊዜ ቆርጦ የጣለ ሰው መኪናውን መሐሉ ላይ ያጥፈዋል፤ አዲሱ ላሜራም በታጠፈበት ቅርጽ ይበየድና በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። ትክክለኛው መንገድ መኪናውን ከስር በደንብ ደግፎ፣ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ የብረት ማጠናከሪያ በይዶ፣ አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። የመጨረሻው ብየዳ ከመሠራቱ በፊት በሩ ቦታው ላይ ተሰቅሎ ክፍተቱ መታየት አለበት። በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ መለጠፍ ዝገቱን መደበቅ እንጂ መጠገን አይደለም። ብየዳ የማይችል ሰው ይህን ሥራ ለባለሙያ ቢሰጥ ገንዘቡ አይቆጨውም፤ ሌላውን ሁሉ በገዛ እጁ መሥራት ይችላል።

«ትልቅ ካርቡራቶር፣ ትልቅ ጉልበት»

የኤምጂቢ ሞተር 1798 ሲሲ ሲሆን መጀመሪያ ሲወጣ በሁለት ኤስዩ ካርቡራቶሮች 95 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ኤስዩ የሚሠራበት መንገድ ብልሃት ያለበት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ውስጡ ያለ ፒስተን ከፍ ይላል፤ ፒስተኑ ላይ የተተከለችው ሹል መርፌ አብራ ስትነሳ የቤንዚኑ ቀዳዳ ይሰፋል። አየርና ነዳጅ በራሳቸው ይመጣጠናሉ። ይህን አውጥቶ በአንድ ትልቅ ካርቡራቶር መተካት ዕቃው ራሱ ካልተበላሸ በቀር ምክንያት የለውም። አራቱን ሲሊንደር በአንድ አፍ የሚያጠጣው ርካሽ ኪት፣ በእኔ እምነት፣ በደንብ ከተስተካከሉ ሁለት ኤስዩዎች ያነሰ ነው።

ተረቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከ1975 ወዲህ ለአሜሪካ የተሠሩት ኤምጂቢዎች ለጭስ ቁጥጥር ሲባል አንድ ዜኒት ስትሮምበርግ ካርቡራቶር ብቻ ተገጠመላቸው፤ ጉልበታቸውም ወደ 62 ወረደ። በእነዚያ ላይ ካርቡራቶር መቀየር ልዩነት ያመጣል፤ የሚመለሰው ግን ፋብሪካው የወሰደው ጉልበት ነው። የጭስ ምርመራ ባለበት ግዛት ደግሞ ዕቃውን ከመፍታት በፊት ሕጉን ማወቅ ግድ ነው።

«ኤስዩ አስቸጋሪ ነው» የሚሉ ሰዎችን መኪና ስታዩ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥቃቅን ነው። በካርቡራቶሩ አናት ላይ ያለችውን ክዳን ፈትታችሁ ስታወጡ ከስሯ አንድ ቀጭን ዘንግ ተከትሎ ይወጣል። ዘንጉ የሚጠልቅበት ጉድጓድ ዘይት ሊኖረው ይገባል፤ ደርቆ ከተገኘ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ የሚያመነታው ለዚህ ነው። ከዚያ ፒስተኑን በጣት አንስቶ መልቀቅ ነው፤ ጠቅ ብሎ ከወደቀ ደህና ነው፣ ከተንቀራፈፈ መጽዳት አለበት። የጋዙን ቢራቢሮ የያዘው ዘንግ ከላላ ደግሞ በጎኑ አየር ይገባል፤ ያኔ የትኛውም ማስተካከያ አይጸናም። ማጣሪያ ወይም ማርሚታ የቀየረ ሰው መርፌዋንም ለአዲሱ የአየር መጠን የምትስማማ ካላደረገ ያገኘው ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የአራቱ ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ይለካ፣ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከል፣ የእሳቱ ሰዓት ይታይ። «ካሻሻልኩት ወዲህ በረረ» የሚባለው መኪና በአብዛኛው የተሻሻለ ሳይሆን ወደ ጤናው የተመለሰ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ካርቡራቶር ከፍታ ያውቃል። በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር አዲስ አበባን በመሰለ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ውስጥ ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ያንን ጉድለት በትልቅ ካርቡራቶር ማካካስ አይቻልም።

«የሞተር መጠን ሲጨምር መኪናው ይሻላል»

እዚህ ላይ ፋብሪካው ራሱ ሁለት ምስክር ትቶልናል። ከ1967 እስከ 1969 የተሠራው ኤምጂሲ በኤምጂቢ ቦዲ ውስጥ 2912 ሲሲ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቀለጠ ብረት ሞተር የገባለት ነው። ጉልበቱ 145 ደረሰ፤ ግን አፍንጫው ከበደ፣ መሪውም ደነዘዘ፤ የዘመኑ ጋዜጠኞች አልወደዱትም። በ1970 አካባቢ ኬን ኮስቴሎ የተባለ እንግሊዛዊ የሮቨርን 3528 ሲሲ ቪ8 ሞተር ኤምጂቢ ውስጥ ገጥሞ መሸጥ ጀመረ። ያ ሞተር አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሊንደሩ እጥፍ ሆኖ ሳለ ከዋናው ባለ አራት ሲሊንደር የብረት ሞተር ክብደቱ አይበልጥም ነበር። ፋብሪካውም ተከትሎ በ1973 የራሱን ቪ8 አወጣ፤ 2591 ከሠራ በኋላ አቆመ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የወሰነው የፊት ጎማ ላይ ያረፈው ኪሎ ነው። ሞተር የሚቀይር ሰው ከጉልበቱ ቁጥር ይልቅ ሚዛኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ራዲያተሩንና ፍሬኑንም አብሮ ማሰብ አለበት።

«ትልቅ ፍሬን ከተገጠመ መኪናው ቶሎ ይቆማል»

መኪናን የሚያቆመው ጎማው መሬት ላይ ያለው ጭብጥ ነው። የፊት ዲስኩ ጎማውን መቆለፍ እስከቻለ ድረስ ዲስኩን ማሳደግ የማቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም፤ የሚጠቅመው ረጅም ቁልቁለት ወይም ውድድር ላይ ሙቀት ለመቋቋም ነው። ሰርቮም እንዲሁ፤ እግርን ያሳርፋል እንጂ ርቀት አይቀንስም። በጣም ርካሹና ትልቁ የፍሬን ማሻሻያ አዲስ ጎማ ነው። ጥርሱ ያላለቀ የአሥራ አምስት ዓመት ጎማ ደርቋል፤ ዕድሜው ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል። 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል።

ከጎማው ቀጥሎ የፍሬን ጎሚኒ አለ። አሮጌ ጎሚኒ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። እግር ሲጫነው ዘይቱ በግድ ያልፋል፤ እግር ሲነሳ ግን አይመለስም፣ ፍሬኑም እንደያዘ ይቀራል። አንዱን በቢላ ለሁለት ሰንጥቆ ያየ ሰው መርፌ እንኳ የማያሳልፍ ቀዳዳ ያገኛል። የቀድሞዎቹ ኤምጂቢዎች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ስለሆነ አንዷ ጎሚኒ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። የፍሬን ዘይቱም እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ከየትኛውም ቀይ ቀለም የተቀባ ካሊፐር ይበልጣል።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። የኋላውን ታምቡር ከፍቶ አቧራውን በኮምፕረሰር መንፋት በፍጹም አይገባም፤ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ በላስቲክ ታስሮ ይወገድ።

«ዝቅ ካለ ኩርባ ይይዛል»

ሞላ በድስክ የቆረጠ ሰው መኪናውን ዝቅ አደረገ እንጂ አላሻሻለም፤ ሞላው የመንቀሳቀሻ ቦታ አጥሮት እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከብረት ብረት ይጋጫል። ለየት የሚሉት ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ናቸው። ለአሜሪካ ሕግ ሲባል ጥቁር የጎማ መከላከያ ተገጥሞላቸው ከፍ እንዲሉ ተደርገዋል፤ ለጥቂት ዓመትም የፊቱ ማረጋጊያ ዘንግ ቀርቶባቸው ነበር። እነዚያን በተገቢው ሞላ ወደ ቀድሞ ቁመታቸው መመለስና ዘንጉን መግጠም እውነተኛ ማሻሻያ ነው።

«ቴርሞስታቱ ይውጣ፣ እርሳስ ያልገባበት ቤንዚን ይገድለዋል፣ መብራቱማ ተስፋ የለውም»

የመጀመሪያው እኛም አገር ጋራዦች ውስጥ የታወቀ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሲነሳ ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ፋሻው ቶሎ ያልቃል። ከልክ በላይ የሚሞቅ መኪና መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር፣ የተዛባ የእሳት ሰዓት ወይም የደከመ የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት የሚይዘው ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ደካማ ክዳን እዚህ የበለጠ ይጎዳል።

እርሳስን በተመለከተ ተረቱ ግማሽ እውነት ይዟል። እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቩን መቀመጫ ይጠብቅ ነበር። እርሳስ የገባበት ቤንዚን አልጄሪያ በ2021 ለመኪና መሸጧን ስታቆም ከዓለም ነዳጅ ማደያዎች ጠፍቷል። በዝግታ የሚነዳ አሮጌ ሞተር ግን በአንድ ክረምት አይሞትም። የቫልቭ ክፍተቱን በየጊዜው መለካት ነው፤ ክፍተቱ ሳይነካ እየጠበበ ከሄደ መቀመጫው እየተበላ ነው። ቴስታታው በሌላ ምክንያት ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ይገባለታል። የዛሬው ነዳጅ ዋና ስጋት ኢታኖል ነው፤ ብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ መደበኛ ቤንዚኗ እስከ አሥር በመቶ ኢታኖል ይይዛል፣ ኢትዮጵያም ከስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል ትቀላቅል ነበር። የድሮ የቤንዚን ጎሚኒ ይህን አይችለውም፤ ይሰነጠቃል፣ ያፈሳል፣ የሚያፈሰውም በጋለ ሞተር ላይ ነው።

የመኪናውን የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራው የሉካስ ድርጅትም ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የዛገ የመሬት ግንኙነት ነው መብራቱን የሚያደክመው፤ ያንን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ግማሹን በሽታ ይፈውሳል። ዲናሞ በአልተርኔተር ሲተካ ግን ጥንቃቄ አለ፦ እስከ 1967 የተሠሩት የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ከቦዲ ጋር የታሰረ ነው። ዋልታው ሲገለበጥ የዙር መቁጠሪያው ሽቦም መቀየር አለበት፤ አለዚያ ሊቃጠል ይችላል።

«ክሪኩ ይይዘዋል»

አይይዘውም። ክሪክ የሚያነሳ ዕቃ ነው፤ የሚሸከመው የብረት መቆሚያ ነው። ጠንካራ ወለል፣ ከጎማው ስር ታኮ፣ ጤነኛ ላሜራ ስር የገባ መቆሚያ፣ ከስር ከመግባት በፊትም መኪናውን በእጅ መግፋትና መነቅነቅ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ለአንድ ቡሎንም ቢሆን መግባት የለበትም።

«የተሻሻለ መኪና በውድ ይሸጣል»

ገዢ የሚከፍለው ለራሱ ምርጫ ነው፤ የሌላ ሰው ምርጫ ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ የወጣ ኦሪጅናል ዕቃ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ መመለስ የሚቻል ለውጥ ይቅደም፤ ቦዲ የሚያስቆርጥ ለውጥ ይቆይ። ለውጡን ለመድን ድርጅት ማሳወቅም ግዴታ ነው። ብሪታንያ ውስጥ 40 ዓመት ያለፈው መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ የሚሆነው ባለፉት 30 ዓመታት በመሠረቱ ካልተለወጠ ነው፤ የሲሊንደሩ ቁጥር ከኦሪጅናሉ የተለየ ሞተር መግጠም ደግሞ መኪናውን ከዚህ ነፃነት ሊያወጣው ይችላል። ባለ አራት ሲሊንደሩን ኤምጂቢ ወደ ቪ8 ለመቀየር ያሰበ ሰው ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት ይህን መመሪያ ማንበብ ይኖርበታል።