ሐሺሽ ማጤስና የስኪዞፍሬንያ ሕመም፤ ግንኙነታቸው ምን ያህል ነው?

አንድ ወጣት ትምህርቱን ትቶ፥ ከሰው ተለይቶ፥ ማንም የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ብቻውን መናገር ሲጀምር፥ ዘመድና ጎረቤት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደ ነካው ነው። አንዱ ዛር ነው ይላል፤ ሌላው ድግምት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከጓደኞቹ ጋር ሐሺሽ ሲያጤስ ከርሞ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የሦስተኛው ሰው ፍርድ በምርምር ሊፈተን የሚችል ስለ ሆነ፥ በዚህ አጭር ጽሑፍ እውነትነቱን ልንመረምር አስበናል። ነገሩ ለክርክር ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም። ፍርዱ ሐሰት ከሆነ በሽተኛውን ባላጠፋው ጥፋት መውቀስ ይሆናል፤ እውነት ሆኖ ሳለ ብንክደው ደግሞ ገና ያልታመመውን ወጣት ሳናስጠነቅቀው መቅረታችን ነው።

አስቀድመን የቃላቱን ትርጉም እንወስን። ሐሺሽ ስንል ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚገኘውን ሁሉ፥ ቅጠሉንም አበባውንም ሙጫውንም ማለታችን ነው። የሚያሰክረው ዋናው ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. ይባላል፤ ይኸውም በ1964 በእስራኤል አገር በሚገኙ ተመራማሪዎች ነጥሮ ታወቀ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም በ1908 ያወጣው የስዊስ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው። ሕመሙ አሳብንና ስሜትን ያዛባል፤ የሌለ ድምፅ ያሰማል፤ ያለ ምክንያት ያስጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በወጣትነት ሲሆን፥ ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ከዚያ ያነሰ ቍጥር ይይዛል።

ሐሺሽ ያጤሰ ሰው ለጥቂት ሰዓት ቢቃዥና ቢጠራጠር ስካር እንጂ ስኪዞፍሬንያ አይደለም። ሐኪሞች ጤነኛ ለሆኑ ፈቃደኞች ቲ.ኤች.ሲ. በደም ሥር ሰጥተው፥ የዚህን ሕመም ምልክቶች የሚመስል ሁኔታ ለጊዜው እንደሚያመጣና ወዲያው እንደሚያልፍ በ2004 አስታውቀዋል። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ ይኸውም ስካሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ የማያልፈው ሕመም ይመጣልን? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከበሽተኛው ተነሥቶ ወደ ኋላ መመለስ እንደማያዋጣ ከሕንድ አገር ታሪክ እንረዳለን። የእንግሊዝ መንግሥት በ1893 ያቋቋመው ኮሚሲዮን ከአንድ ሺሕ በላይ ምስክሮች ሰምቶ ነበር። የአእምሮ ሕሙማን የሚጠበቁባቸው ቤቶች መዛግብት ብዙዎቹ በሽተኞች ያበዱት በሐሺሽ ነው ይሉ ነበር። ኮሚሲዮኑ ነገሩን ሲመረምር ግን፥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ይዞ የመጣው ፖሊስ በግምት የሞላው ሆኖ ተገኘ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ሥሩ የሚገኘው ከጤነኛው ሰው በመጀመር ነው።

እንዲህ ያለው ጥናት በስዊድን ተደረገ። በ1969 እና በ1970 ለውትድርና የተጠሩ ወጣቶች ሐሺሽ ስንት ጊዜ እንደ ወሰዱ ተጠየቁ። ከዚያም 45,570 የሚሆኑት ለ15 ዓመት በሆስፒታል መዝገብ ሲከታተሉ ቈዩ። በ1987 የወጣው ውጤት፥ ከ50 ጊዜ በላይ የወሰዱት ምንም ካልወሰዱት 6 እጥፍ በስኪዞፍሬንያ ተይዘው እንደ ተገኙ አመለከተ። መጠኑ በጨመረ ቍጥርም ሕመሙ ይጨምር ነበር።

ይህ ቍጥር ሲታይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛ፥ ሕመሙ ቀድሞ ጀምሮ ወጣቱ ጭንቀቱን ለማስታገሥ ያጤስ እንደ ሆነስ? ሁለተኛ፥ ድህነት፥ የቤተ ሰብ መፍረስ ወይም ሌላ ዕፅ ሁለቱንም ያመጣ እንደ ሆነስ? ሦስተኛ፥ ሁለቱም ከአንድ የዘር ውርስ የመጡ እንደ ሆነስ?

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተቃውሞዎች ከፊል መልስ ተገኝቶአል። የስዊድኑ ጥናት እስከ 1996 ተራዝሞ በ2002 እንደ ገና ሲወጣ፥ ተመራማሪዎቹ ሌሎቹን ምክንያቶች በሒሳብ ለዩ። ከ6 እጥፍ በላይ የነበረው ልዩነት ወደ 3 እጥፍ ወረደ። እንግዲህ ተቃዋሚዎቹ በግማሽ እውነት ነበራቸው፤ የቀረው ግማሽ ግን አልጠፋም። በጥሪያቸው አቅራቢያ ባሉት 5 ዓመታት የታመሙት ከቍጥሩ ሲወጡ እንኳ ግንኙነቱ ጸንቶ ታየ።

በዚያው ዓመት በኒው ዚላንድ ከዱኒዲን ከተማ ሌላ ጥናት ወጣ። በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ሕፃናት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠኑ ቈይተው ነበር። በ15 ዓመታቸው ሐሺሽ ከጀመሩት ውስጥ ከመቶ 10 ያህሉ፥ ካልጀመሩት ግን ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ በ26 ዓመታቸው ስኪዞፍሬንያን የሚመስል ሕመም ታየባቸው። በ11 ዓመታቸው የነበራቸው ምልክት በሒሳብ ሲታሰብ ልዩነቱ ቀነሰ፤ የታመሙትም ጥቂት ስለ ነበሩ ይህ ጥናት ብቻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ሆኖም በለጋ ዕድሜ መጀመር አደገኛ መሆኑን ይጠቁማል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ገና አልተሸነፈም። ከ180 ሺሕ በላይ ሰዎች የዘር ውርስ ተመርምሮ በ2018 በወጣው ጥናት፥ ለስኪዞፍሬንያ የተጋለጠ ሰው ወደ ሐሺሽ የማዘንበል ዝንባሌ እንዳለው ታይቶአል። ስለዚህ መንገዱ ከሐሺሽ ወደ ሕመም ብቻ የሚሄድ ሳይሆን፥ ከሁለቱም ወገን የሚያስኬድ ይመስላል።

የሐሺሹም ኃይል መዘንጋት የለበትም። በአምስት የአውሮጳ አገሮችና በብራዚል 901 አዲስ በሽተኞች ከ1,237 ጤነኞች ጋር ተነጻጽረው ነበር። ጥናቱ ስኪዞፍሬንያን ብቻ ሳይሆን አእምሮን ከእውነታ የሚያርቁትን ሕመሞች ሁሉ ይጨምራል። በ2019 የወጣው ውጤት፥ በየቀኑ የሚያጤስ ከማያጤሰው ይልቅ 3 እጥፍ፥ ከመቶ 10 እጅና ከዚያ በላይ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን በየቀኑ የሚወስድ ደግሞ 5 እጥፍ ያህል ለሕመሙ የተጋለጠ መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደመድማለን? ሐሺሽ ብቻውን ስኪዞፍሬንያን ያመጣል ማለት ስሕተት ነው። ከስዊድን ወታደሮች መካከል ከ50 ጊዜ በላይ ከወሰዱት እንኳ የታመሙት ከመቶ 3 ያህል ነበሩ፤ ከታመሙትም አብዛኞቹ ሐሺሽ ቀምሰናል አላሉም። ግንኙነት የለም ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው። ማስረጃው የሚያዘነብለው፥ ሐሺሽ ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው ወደሚለው አሳብ ነው። ቀድሞ በተጫነ አህያ ላይ እንደሚጨመር ቁና ነው፤ ብርቱው ተሸክሞት ያልፋል፥ ሸክም የከበደበት ግን በእርሱ ይወድቃል። ማን ምን ያህል እንደ ተጫነ ግን ከውጭ አይታይም።

ስለዚህ ምክራችን ሁለት ነው። ከቤተ ሰቡ መካከል በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ያለበት ወጣት፥ ወይም ሐሺሽ ቀምሶ ሲጠራጠርና ድምፅ ሲሰማ የተገኘ ሰው፥ ከማንም ይልቅ ይጠንቀቅ፤ ጉርምስናውን ያልጨረሰም ፈጽሞ አይጀምረው። ሁለተኛው ምክር ለጎረቤት ነው። ወጣቱ ከታመመ በኋላ ምን እንዳጤሰ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ በሽተኛውን ቶሎ ወደ ሐኪም ማድረስ፥ እናቱንም አለመውቀስ ነው።