የበጉ ዋጋ ከድርቆሹ ይጀምራል

በዓል በቀረበ ቁጥር የበግ ዋጋ የሁሉም ሰው ወሬ ይሆናል። ጋዜጠኛው ገበያ መሐል ቆሞ ትንሹ በግ በዚህ ያህል፣ ሙክቱ በዚያ ያህል ብር እየተሸጠ መሆኑን ይነግረናል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ስለሆነ አድማጩ ከዜናው የሚይዘው ነገር ብዙም የለም። ጎንደር ላይ ሸማቹ «በግ አልቀመስ አለ» ይላል። ደባርቅና ዛሪማ ላይ ያንኑ በግ ያሳደገው ገበሬ ደግሞ «በማይረባ ዋጋ ጥዬው መጣሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ተቃርኖ የሚሰጡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ጾምና በዓል፣ ደላላ፣ የመንገዱ ጸጥታ፣ የብሩ መውረድ። አንዳቸውም ሐሰት አይደሉም። ነገር ግን ከሁሉም ሥር ያለው፣ በየሳምንቱ የገበያ ዋጋ ሲነገር ስሙ የማይነሳው ምክንያት ድርቆሽ ነው።

ዛሪማ ይህን ነገር ለመመልከት የተመቸች ቦታ ናት። ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ያለው የስሜን ደጋ የገብስና የበግ አገር ነው፤ በጉም ከአገሪቱ የደጋ በጎች መካከል በአካሉ ትልቅነት የሚታወቅ፣ ላታምና ጸጉራም ነው። ከበታቿ ያለው ቆላ የማሽላ፣ የሰሊጥና የፍየል አገር ነው። በግ በእግሩ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ በአይሱዙም ተጭኖ ጎንደር ይገባል። ድርቆሽና ጭድ ግን እንዲህ አይጓዙም። መኪናውን ሞልተው ቢከመሩ እንኳ የያዙት ዋጋ ትንሽ ስለሆነ የመጫኛው ሒሳብ ይበላቸዋል። ቆላው ላይ ከመኸር በኋላ የማሽላ አገዳ እየተረፈ፣ ከላይ ደጋው ላይ በግ ሊራብ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በአየር ሲታይ አጭር ነው፣ በጭነት ዋጋ ሲታይ ግን ረጅም ነው። ስለዚህ በግ ከሩቅ ከተማ ገበያ ጋር የተሳሰረ ዋጋ ሲኖረው፣ መኖ ግን የየመንደሩ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የዋጋው ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሃያ አምስት ኪሎ የሚሆን በግ በቀን እስከ አንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በጾሙ መግቢያ የሥጋ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ለፋሲካ ደግሞ ይሰቀላል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። አምስት በግ ያለው ሰው ከቅበላ እስከ ፋሲካ ለመጠበቅ ግን ከ250 ኪሎ በላይ ድርቆሽ በጓሮው ተከምሮ ማግኘት አለበት፤ ያውም በጎቹ ሳይከሱ እንዲቆዩ ብቻ ነው፣ እንዲሰቡ ከሆነ የኑግ ፋጉሎ ወይም ሌላ ጉልበት ያለው መኖ መጨመር ግድ ነው። ክምሩ ያለው ይጠብቃል። ክምሩ የሌለው በየካቲት ይሸጣል፣ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ መኖ ያለው ሰው ነው። በበዓል ዋዜማ ጎንደር ላይ ሸማቹን የሚያስደነግጠው ዋጋ ውስጥ የመጠበቂያው ዋጋ አለበት፤ ያ ገንዘብ ግን በጉን ከግልገልነቱ ጀምሮ ላሳደገው ሰው አይደርስም።

የፋሲካ ቀን መዘዋወርም ከዚህ ጋር ሲታይ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ዋለ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 4። ልዩነቱ 23 ቀን ነው። ለሸማቹ ይህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። አሥር በግ ለያዘ ገበሬ ግን ወደ 230 ኪሎ የሚጠጋ ተጨማሪ መኖ ነው፤ ያውም የበጋው መጨረሻ ላይ፣ ሜዳው ነጥቶ ዋናው ዝናብ ገና ባልመጣበት፣ ድርቆሽ ከምንጊዜውም በላይ በሚወደድበት ወር። ፋሲካ በዘገየ ዓመት በጉን ቀድሞ የሚያወጣው ገበሬ ለምን ቸኮለ ብሎ መገረም አይገባም።

ድርቆሹ ራሱ ለምን አነሰ? የግጦሽ መሬት እየታረሰ መጥበቡ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ብዙ የማይነገርለት የፓርኩ ጉዳይ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተወሰዱት እርምጃዎች መካከል ግጦሽን መቀነስና የግጭ መንደርን ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ማዛወር ይገኙበታል፤ የተዛወሩት ከ2,500 በላይ ሰዎች ናቸው። ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን ለማዳን የተደረገውን አልነቅፍም፤ መደረግ ነበረበት። ነገር ግን የተዘጋ ግጦሽ በሌላ ቦታ በሚበቅል ሣር ካልተተካ ሒሳቡ የሚወራረደው በገበሬው በግ ነው፣ ይህም ወጪ በየትኛውም የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ አልተጻፈም። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከአዲአርቃይ እስከ ዳባት ያለው አገር የጦር ሜዳ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ዝናብ አጥሮ በጃናሞራና በጠለምት ድርቅ ገባ። ድርቅ ሣሩንም ጭዱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉም ባለበግ በአንድ ሳምንት ሻጭ ሲሆን የበግ ዋጋ ይወድቃል፣ በዚያው ሳምንት የእህል ዋጋ ይወጣል። ቤተሰብ የሚደኸየው በዚህ መቀስ መሐል ነው።

«ደላላውንስ ምን ልናደርገው ነው?» የሚል አለ። ደላላ በሁለቱም ወገን ገብቶ እንደሚበላ አልክድም። ግን ደላላ ጉልበት የሚያገኘው ሻጩ ዛሬውኑ መሸጥ ያለበት መሆኑን ሲያውቅ ነው። በጉን አስሮ ወደ ቤቱ ሊመልስ የሚችል ሰው ላይ ደላላ ዋጋ አይቆርጥም። መኖ ሳይኖር ደላላን ከገበያ ማባረር የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል። መንገድና ኬላንም በተመለከተ የሚባለው እውነት ነው፤ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የገጠሩና የከተማው ዋጋ ይራራቃል። ሆኖም መንገድ ሲዘጋም ቢሆን የሚጎዳው መጠበቅ የማይችለው ነው፤ ድርቆሽ ያለው ሰው መንገዱ እስኪከፈት ይቆያል። የብሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሁሉም ነገር ቁጥር ከፍ አለ፣ የበግም። ይህ ግን አንድ በግ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ለምን ያን ያህል እንደሚለያይ አያስረዳም።

በቀደመው ጊዜ ገበሬው በጉን ሳይሸጥ የሚያገኘው ሌላ ገቢ ነበረው። የደጋ ሴቶች ጸጉሩን ይፈትሉት፣ ባናና ምንጣፍም ይሠራበት ነበር፤ ዛሬም የሚሠሩ አሉ፣ ነገር ግን ጸጉሩ በገበያው ላይ የራሱ ዋጋ ስለሌለው ሳይሸለት ከበጉ ጋር ይሸጣል። ቆዳውም እንዲሁ፤ በበዓል ማግስት በከተማ ጎዳና ላይ ተጥሎ የሚታየው ቆዳ ለዋጋው መሞት ምስክር ነው። ስለዚህ በጉ ሲሸጥ ሥጋው ብቻ ይቆጠራል፣ ሥጋውም በሚዛን ሳይሆን ወገብና ላቱ ተዳብሶ በግምት ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃና በኩንታል ያገበያያል፤ የሰሊጡ ጎረቤት የሆነው በግ ግን ዛሬም በዓይን ይሸጣል። በግምት ሲሆን ደግሞ የከሳ በግ ከክብደቱ በላይ ይቀጣል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፦ ሁሉም ድርቆሽ ከምሮ ለፋሲካ ከጠበቀ ያን ቀን ገበያው ሞልቶ ዋጋው አይወድቅም ወይ? በመጠኑ ይወድቃል፣ ይህ ደግሞ ለከተማው ሸማች መልካም ነው። ገበሬውም አይጎዳም፤ የየካቲቱ ዋጋ ስለሚነሳና መጠበቅ የሚችል ሰው ከፋሲካ ሌላ ገናን፣ ጥምቀትን፣ አረፋን፣ እንቁጣጣሽን መምረጥ ስለሚችል። ችግሩ ሁሉም ሲጠብቅ አይደለም፤ ጥቂቶች ብቻ መጠበቅ ሲችሉ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ፕሮጀክት አይመስለኝም። ሣሩ የሚታጨደው ብዙ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ኅዳር ውስጥ ነው፤ የዚያን ጊዜ ክምሩ ትልቅ ቢመስልም ጉልበቱ አልቋል፣ በጉ ሆዱን ሞልቶ ይከሳል። አበባ ሲይዝ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቢታጨድ ከዚያው ሜዳ የተሻለ ድርቆሽ ይገኛል። የጉልበት ችግር እንዳለ አውቃለሁ፤ ወሩ ሰብል የሚደርስበት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚያ ወር ድርቆሽ ገዝተው ወይም አሳጭደው ቢያከማቹ፣ ለማዳበሪያ የሚያደርጉትን ያህል ሐሳብ ለመኖ ቢሰጡ፣ ገበሬው በየካቲት የሚጠጋበት ይኖረዋል።

ለወረዳዎቹ የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶችና የገበያ ዋጋ ለሚያሰሙት ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ከዛሪማም ሆነ ከደባርቅ የበግ ዋጋ በምትናገሩበት ሳምንት የድርቆሹንና የጭዱንም ዋጋ አብራችሁ ተናገሩ። ድርቆሽ ሲወደድ ያየ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግ በርካሽ እንደሚወጣ ያውቃል፤ መኖ ለመላክ የሚያስብ አካልም የሚላክበትን ጊዜ ያኔ ያውቃል።