ዕርቅ በእውነት ይጀምራል
(ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ በደሳ)

ሽማግሎች የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሲቀመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ነገሩ እንዴት ነበር?» ብለው ነው። ካሳውም ምርቃቱም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው፣ ይህ ሥርዓት በመንግሥትና በሕዝብ መካከል ለሚደረገው ዕርቅም የሚያገለግል መሆኑን ነው።

ነገሩ ከቤቴ የራቀ አይደለም። የአባቴ ቅድመ አያት ከሸዋ በወታደርነት የመጡ ናቸው። የእናቴ ወገኖች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በጨርጨር የኖሩ የኢቱ ኦሮሞዎች ናቸው። በአባቴ ቤት «አገር የቀናበት» የሚባለው ዘመን፣ በእናቴ ቤት «መሬት የሄደበት» ይባላል። አኮ፣ ይኸውም የእናቴ እናት፣ አባታቸው ማርና ማገዶ ተሸክመው ወደ መልከኛው ደጅ ይወጡ እንደ ነበር ይነግሩኛል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረርን ያዘ። ወታደሩ የገንዘብ ደመወዝ ስላልነበረው እንደ ማዕረጉ ገባር ተመደበለት። ገባሩም እህል ሰፈረለት፣ አረሰለት፣ እንጨት ፈለጠለት። የኢቱ አባቶች ከበደሳ ብዙም በማይርቀው በኦዳ ቡልቱም ተሰብስበው በገዳ ሥርዓት ሕግ ያወጡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሥልጣኑ ለሹማምንት ሆነ። ይህን ዘመን አንዳንድ ጸሐፊዎች አገርን አንድ ማድረግ፣ ሌሎች ቅኝ ግዛት ይሉታል። ስሙ ቢያከራክርም ገባርነቱ ግን የተመሰከረ ነገር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አኮ ይህን ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ሆኖም «ያን ጊዜ በድለናችኋል ያላችሁ ሰው ነበረን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ወረቀት መጣ እንጂ ሰውማ አልመጣም» አሉኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ከታሪክ የተወረሰ የተዛባ ግንኙነት መታረም እንዳለበት በመግቢያው ይናገራል፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደ በደለ አይዘረዝርም።

የሌላውን አገር ምሳሌ እንመልከት። በፈረንጆች 1975 ዓ.ም. ኒውዚላንድ የማኦሪን ሕዝብ አቤቱታ የሚሰማ የዋይታንጊ ሸንጎ አቋቋመች። ሸንጎው የየነገዱን አቤቱታ ሰምቶ በጽሑፍ ያቀርባል፤ መንግሥትም ከነገዱ ጋር ሲስማማ በደሉን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳም ይሰጣል። እርግጥ የእኛ ነገር ይለያል፤ ወታደሩ ባሕር ተሻግሮ አልመጣም፤ እንደ እኔ ከሁለቱም ወገን የተወለደውም ብዙ ነው። ስለዚህ የአያት ዕዳ በልጅ ልጅ ራስ ላይ ሊወርድ አይገባም። በ1984 ዓ.ም. በሐረርጌ በበደኖ ያለቁት ንጹሓን ሰዎች ለዚህ መራራ ምስክር ናቸው። የእነርሱም ነገር እንደ ገባሩ ነገር ሊነገር ይገባዋል፤ ግማሽ እውነት አያስታርቅምና።

በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት አጥፊው ወገን ጥፋቱን ያምናል፤ ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም ሰላም ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። እንደ እኔ አሳብ የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ የሚለካው በሚያወጡት ወረቀት ብዛት ሳይሆን፣ እንደ አኮ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ቀርበው በማዳመጣቸው ነው።

ባለፈው ዓመት የአባቴን አጎት ወደ አኮ ቤት ይዤ ሄድሁ። ሆጃ እየጠጡ አኮ የማገዶውን ነገር ሲያወሩ አጎታችን አቀርቅረው ሰሙና፣ «እኔ ይህን ሳላውቅ አረጀሁ» አሉ። አኮም መልሰው ሲኒያቸውን ሞሉላቸው። ካሳ አልተቆረጠም፤ ዕርቅም አልተባለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ በየበዓላቸው ይጠያየቃሉ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ አያቶቻችን ሳያልፉ የሁለቱንም ወገን ቃል ጠይቀን እንጻፍ። እናንተም ወላጆቻችን፣ ስንጠይቃችሁ አትሸሽጉን።