የአደንና የዝናብ ልብስ በእርጥብ አየር ስለሚፈተንበት መንገድ

ማናቸውም የዝናብ ልብስ በሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ሲታይ ዝናብን የሚከላከል ይመስላል። ሻጩም በብርጭቆ ጥቂት ውሃ ይዞ በትከሻው ላይ ጠብ ያደርግና ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድ ያሳያል፤ ገዢውም በዚህ ተደስቶ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል። ነገር ግን ከብርጭቆ የሚፈስ ውሃና በባሌ ወይም በአርሲ ተራራ ላይ ነፋስ እየገፋ ግማሽ ቀን ሙሉ የሚያወርደው ዝናብ አንድ አይደሉም። ስለዚህ የአደንና የዝናብ ልብስ ከመገዛቱ ወይም ለሥራ ከመታደሉ በፊት በእርጥብ አየር፣ በሜዳ ላይ ሊፈተን ይገባዋል። ጉዳዩ በሕጋዊ ፈቃድ የደጋ አጋዘን ለማደን የሚወጣውን ሰው ብቻ የሚመለከት አይደለም። አብረውት የሚወጡትን መንገድ መሪዎችና ጭነት ተሸካሚዎች፣ የዱር አራዊት ጠባቂዎችን፣ የመሬት ቀያሾችንና የስልክ መስመር ሠራተኞችን ሁሉ ይመለከታል። እንዲያውም አዳኙ ራሱ መርጦ የገዛውን ሲለብስ፣ እነዚህ ግን ሌላ ሰው የመረጠላቸውን ስለሚለብሱ፣ ፈተናው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነርሱ ነው።

በመጀመሪያ አደጋው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርድ ሰውን የሚገድለው ውሃ ወደ በረዶ በሚለወጥበት ቅዝቃዜ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ይህ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አደገኛ የሆነው የብርድ ሕመም ጀምሯል ማለት ነው። ለዚህም ከዜሮ በላይ 5 ወይም 10 ዲግሪ የሆነ አየር፣ የራሰ ልብስና ነፋስ ከታከሉበት፣ ይበቃል። ሰውን የሚያሞቀው በልብሱ ክሮች መካከል የታሰረው አየር ነው፤ ውሃ በዚያ አየር ቦታ ሲገባ ግን፣ ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ ልብሱ ሙቀትን መጠበቁ ቀርቶ ማስወጣት ይጀምራል። በዚህ ላይ አየሩ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ላይ 15 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ ላይ 5 ዲግሪ ያህል ቢሆን አያስደንቅም። የባሌ ዝናብም የክረምት ብቻ አይደለም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል።

የሕመሙ ምልክት በቅድሚያ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቀጥሎ ጣቶች ይደነዝዛሉ፣ አነጋገር ይንተባተባል፣ አስተሳሰብ ይታወካል። መንቀጥቀጡ ሲቆም ተሻለው ተብሎ መታለል አይገባም፤ ሰውነቱ መሸነፉን የሚያመለክት ሊሆን ይችላልና። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ጠመንጃ የያዘ እንደ ሆነ አደጋው ለጎረቤቱም ይተርፋል።

ወደ ልብሱ ነገር ሲመለሱ፣ ሰውን የሚያረጥበው ውሃ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ያሻል፤ አንዱ ከውጭ የሚመጣው ዝናብ፣ ሁለተኛው ከውስጥ የሚወጣው ላብ ነው። ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል። በልብስ ታሪክ ውስጥ የታየው ትግል ሁሉ ፊተኛውን ከልክሎ ኋለኛውን ለማሳለፍ የተደረገ ነው። ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በስኮትላንድ የጎማ ፈሳሽ በሁለት ጨርቆች መካከል ቀብቶ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ በማውጣት የባለቤትነት መብት አገኘ። ጨርቁ ዝናቡን በእርግጥ ከለከለ፤ ነገር ግን በብርድ ይደርቅ፣ በሙቀት ይጣበቅ ነበር። ይህ ጉድለት የተቃለለው ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጽናት በ1840ዎቹ ከታወቀ በኋላ ነው። ላቡ ግን እንደ ታሰረ ቀረ። የጎማ ካፖርት ለብሶ ተራራ የወጣ ሰው ካፖርቱን ሲያወልቅ ሸሚዙ ተጨምቆ ውሃ ቢወጣው፣ ልብሱ አፈሰሰ ብሎ ይከሳል፤ ያራሰው ግን የገዛ ላቡ ነው።

ቶማስ በርበሪ በ1879 ያወጣው ጋባርዲን የሚባለው ጨርቅ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ይኸውም ክሩን አስቀድሞ ውሃ እንዳይጠጣ አድርጎ፣ ኋላ ድሩንና ማጉን አጥብቆ መሸመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማንችስተር የሚገኘው የሸርሊ ኢንስቲትዩት፣ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ለሚወድቁ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰዎች ቬንታይል የተባለውን ጨርቅ አዘጋጀ። ቬንታይል ከረዥም የጥጥ ክር እጅግ ጠብቆ የተሸመነ ነው፤ ክሩ ውሃ ሲነካው እየወፈረ ቀዳዳዎቹን ራሱ ይዘጋቸዋል። በመጨረሻም ቦብ ጎር በ1969 ቴፍሎን የሚባለውን ነገር አሙቆ በድንገት በመለጠጥ፣ ከውሃ ጠብታ በብዙ ሺህ ጊዜ ያነሱ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን አገኘ፤ ጎር-ቴክስ በሚል ስም ከ1976 ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። በእነዚያ ቀዳዳዎች የላብ እንፋሎት ያልፋል፣ ጠብታ ግን አያልፍም።

ይህም ቢሆን ተአምር አይደለም። እንፋሎት የሚያልፈው ውስጡ ከውጭው ይልቅ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው፤ በወበቅ አገር ጉም በሞላበት ጫካ ውስጥ መተላለፉ እጅግ ይቀንሳል። የላይኛው ጨርቅ ውሃ የሚያንከባልለውን ቅባት አጥቶ የራሰ እንደ ሆነም በላዩ የተኛው ውሃ መንገዱን ይዘጋል፤ ለባሹም ልብሱ ሳያፈስስ ይርሳል።

የአገራችንን ገሳ በዚህ ጉዳይ መናቅ ስሕተት ነው። በመንዝ እረኛው ከጓሳ ሣር ሠርቶ የሚለብሰው ገሳ ውሃውን እንደ ቤት ክዳን ከሣር ወደ ሣር እያሳለፈ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ከሥሩ ክፍት ስለሆነም ላቡን አያስርም። ቆሞ መንጋ ለሚጠብቅ ሰው ከብዙ የፋብሪካ ካፖርት ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉድለቱ በቁጥቋጦ ውስጥ ለሚሄድና እጁን ለሥራ ለሚያነሳ ሰው አለመመቸቱ ነው።

ፋብሪካዎች ጨርቃቸውን የሚፈትኑባቸው መሣሪያዎች አሏቸው። በአንደኛው የውሃ ዓምድ በጨርቁ ላይ እየከበደ እንዲሄድ ተደርጎ፣ ውሃው ዘልቆ የሚታይበት ከፍታ በሚሊ ሜትር ይመዘገባል፤ በልብሱ ወረቀት ላይ 10000 ወይም 20000 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይህ ነው። በሌላው 45 ዲግሪ አዘንብሎ በተወጠረ ጨርቅ ላይ ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሩብ ሊትር ውሃ ይረጭና የላይኛው ፊት ምን ያህል እንደ ራሰ ይታያል። በአውሮፓ ደግሞ የተሰፋውን ልብስ በሰው ምስል ላይ አልብሰው ከ5 ሜትር ከፍታ ሰው ሠራሽ ዝናብ የሚያወርዱበት ማማ አለ። የዓምዱ ቁጥር ለምን ትልቅ መሆን እንዳስፈለገ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። አንድ ሰው በእርጥብ መሬት ላይ ተንበርክኮ 40 ኪሎ ግራም ክብደቱ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚያህል የጉልበት ስፋት ላይ ቢያርፍ፣ ግፊቱ የ8 ሜትር፣ ማለት የ8000 ሚሊ ሜትር የውሃ ዓምድ ያህል ነው። ስለዚህ በዝናብ ቆሞ የማያፈስስ ሱሪ ሲንበረከኩበት ሊያፈስስ ይችላል። አዳኝም ጠባቂም ዘወትር የሚንበረከኩ ናቸው።

ሆኖም የፋብሪካው ቁጥር የሚናገረው ስለ አዲስ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ስለ ስፌቱ፣ ስለ ዚፑ፣ ስለ ኪሱና የሻንጣ ማንገቻ ትከሻ ላይ ስለሚፍቀው ፍቅታ አይናገርም። የሜዳ ፈተና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ደግነቱም ከአንድ የሱቅ ሚዛን፣ ከአንድ ሰዓትና ከትዕግሥት በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም።

ፈታኙ አስቀድሞ ካፖርቱን፣ ሱሪውንና ከሥር የሚለበሰውን የጥጥ ሸሚዝ ደረቅ ሳሉ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ መዝኖ ይጽፋል። ከዚያም ልብሱን የለበሰው ሰው እውነተኛ ዝናብ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። በዚህ ሰዓት ላብ እምብዛም ስለማይኖር፣ ሸሚዙ ላይ የተጨመረው ክብደት ከሞላ ጎደል ከውጭ የገባ ውሃ ነው። ሁለተኛውን ሰዓት፣ ሌላ የተመዘነ ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። አሁን ሸሚዙ ከፊተኛው ይልቅ ከከበደ ትርፉ በአመዛኙ የላቡ ነው። ሁለቱን ሰዓቶች ሳይለዩ አንድ ላይ የሚፈትኑ ሰዎች ጥሩውን ልብስ በሐሰት ሊከሱ፣ መጥፎውንም በሐሰት ሊያመሰግኑ ይችላሉ። አንዱ ሰው ከሌላው ይበልጥ ስለሚያልበውም፣ ሁለት ካፖርቶች ሲወዳደሩ ሁለት ሰዎች ተለዋውጠው ሊለብሷቸው ይገባል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ቦታው ይመረመራል። ሸሚዙ እንደ ወለቀ የራሰው ከየት እንደ ሆነ በዓይንና በእጅ ይታያል፤ ትከሻ ከሆነ ማንገቻው ወይም ስፌቱ፣ ደረት ከሆነ ዚፑ፣ አንገት ከሆነ ኮፍያው ጥፋተኛ ነው። እጅጌ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ፈታኙ በጠመንጃ ፋንታ በትር ይዞ እንደሚያነጣጥር ሰው እጁን ደጋግሞ ያንሳ፤ የእጅጌው አፍ በደንብ ካልጠበቀ ዝናቡ በክንድ ላይ ወርዶ እስከ ክርን ይደርሳል። በኪሱም ውስጥ ደረቅ ወረቀት ይጨመር፤ የአደን ፈቃድ፣ ካርታና የመታወቂያ ወረቀት የሚቀመጡት በዚያው ነውና። ኮፍያው ከራስ ጋር አብሮ መዞር አለበት፤ ራስ ዞሮ ኮፍያው ካልዞረ ለባሹ ወደ ጎን ሲመለከት የሚያየው ገበሩን ነው። የመስማት ነገርም አለ፤ ጠብታው በኮፍያው ላይ እየደበደበ የጓደኛን ጥሪ የሚሰውር ከሆነ በገደል አፋፍ ላይ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ለአዳኝ ልዩ የሆነው ፈተና የድምፅ ነው። አንዳንድ የናይለን ካፖርት በቅርንጫፍ ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ አጋዘኑም አዳኙን ሳያየው ይሰማዋል። የቲሮል አዳኞች ሎደን የሚባለውን የተደቀደቀ የሱፍ ጨርቅ ከጥንት ጀምሮ የወደዱት አንዱ ምክንያት ዝምታው ነው። ሱፍ ከራሱ ክብደት ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እርጥብ የማይመስል፣ ርሶም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት የሚጠብቅ ነው፤ የበግ ጠጉር በርኖስ የለበሱ አባቶችም ይህን ያውቁት ነበር። ጥጥ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ጋቢ በደረቅ ምሽት ወደር የለውም፤ በዝናብ ግን ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ተሸክሞ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። በተራራ ዝናብ ጋቢን ከካፖርት በላይ መደረብ ብርዱን ወደ ራስ መጥራት ነው።

የፈተናው ሌላ ክፍል በማግስቱ የሚሆነው ነው። የራሰው ልብስ በድንኳን ውስጥ ያለ እሳት ተሰቅሎ ያድርና ጠዋት ዳግመኛ ይመዘን፤ ግማሹን ውሃ እንኳ ያላራገፈ ልብስ ለሁለተኛ ቀን ጉዞ ከባድ ሸክም ነው። በእሳት ዳር ማድረቅ የሚመረጥ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል፤ ናይለን በፍንጣሪ ይቀልጣል፣ ሱፍ ግን ጠቆር ብሎ ይጠፋል እንጂ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ፈተናው ሁሉ ልብሱ ጥቂት ጊዜ ከታጠበና በእሾህ መካከል ከተለበሰ በኋላ ቢደገም የበለጠ እውነት ይናገራል። አዲስ ልብስ ሁሉ መልካም ነው።

ለሠራተኞች ልብስ የሚገዙ ሹማምንት ናሙናውን ሻጩ መርጦ ከሚያመጣው ሳይሆን ከመጣው እሽግ መካከል ራሳቸው ቢያወጡ፣ አንዱንም ጠባቂ አልብሰው በዝናብ ቢያስመዝኑ፣ ከዚያ በኋላ ውሉን ቢፈርሙ ይመረጣል። ልኩ ሲታዘዝም ከሥሩ የሱፍ ሹራብ እንደሚለበስ ይታሰብ። የላይኛው ጨርቅ ውሃ ማንከባለል ሲያቆም ልብሱ አርጅቷል ተብሎ አይጣል፤ ብዙውን ጊዜ በለሰለሰ ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ በልብሱ ወረቀት ላይ በተፈቀደው መጠን ለብ ባለ ካውያ ሲተኮስ ቅባቱ ይመለሳል። ለዚህ ቅባት ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ፒፋስ የተባሉ ኬሚካሎች በአፈርና በውሃ ውስጥ ሳይበሰብሱ ስለሚቆዩ፣ ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ በአዲስ ልብስ ላይ ከልክላቸዋለች፤ ለከባድ ዝናብ የሚሠራውን ልብስ ግን እስከ 2028 ታግሣለች። ምትክ ሆነው የሚመጡት ቅባቶች ዘይትና ቆሻሻን እንደ ፊተኞቹ አይቋቋሙም፤ ስለዚህ አዲሱ ልብስ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል።

የትኛውም ካፖርት ቢመረጥ፣ እያንዳንዱ ሰው በፕላስቲክ ከረጢት የታሰረ አንድ ደረቅ የሱፍ ሹራብና አንድ ጥንድ ካልሲ በሻንጣው ውስጥ መያዝ አለበት። ይህ ከረጢት በመንገድ ላይ አይከፈትም፤ የሚከፈተው ማታ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ወይም ከጓደኞች አንዱ መንቀጥቀጥ የጀመረ እንደ ሆነ ነው።