ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

ደጀን የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በዋናው መንገድ የሚሻገር ሁሉ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ቁልቁልና ሽቅብ በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዝዞ ሲወጣ የሚቀበለው ደጀን ነው። ሾፌሩ እዚህ ይበላል፣ ጎማውን ያስነፋል፣ ሲመሽበት ያድራል። ምግብ ቤቱም አልቤርጎውም ግሮሰሪውም በዚሁ ነው የሚኖሩት፤ ክፋት የለውም። ክፋቱ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ያለ ገንዘብ የሚገባበት ቤት ቢፈልግ አለማግኘቱ ነው። ፑል ቤቱ በጌም ያስከፍላል፣ ጆተኒውም ብር ይፈልጋል። ጫት ቤቱ ደግሞ ለጀማሪ በዱቤ ይሰጣል።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በማስተማር ነው። ሁሌም የሚያሳስቡኝ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ስንቁ፣ ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ በገበያ ቀን በአህያ ይላክላቸዋል። ስንቅ አለ፤ ሲመሽ «የት ነበርሽ? ራት በልተሻል?» የሚል ግን የለም። አንዲት ተማሪዬ የቤት ሥራዋን ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። ቤትሽ መብራት የለም ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ መብራትስ አለ፣ እዚህ ግን ሰው አለ አለችኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ እናቷን ታውቃለች።

ይህች ልጅ የፈለገችውን ነገር መንግሥት ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ፣ መዋያና መዝናኛ እንዲኖራቸው ያዛል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው «የወጣቶች ስብዕና ግንባታ ማዕከል» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ሄዶ ያየ ግን ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ተቆልፏል፣ አንዳንዱ የስብሰባ አዳራሽ ሆኗል፣ ክፍት የሆነው ደግሞ በወንዶች ተሞልቷል። ሴቶቹ የት ናቸው? ውኃ ወርደዋል፣ እንጀራ እየጋገሩ ነው፣ ወይም ቤተሰብ አልፈቀደም። ቤት መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱን ክፍል፣ ልጃገረዶቹን ማምጣቱን፣ የሞከረው ሰው ከኛ ሩቅ አይደለም። ያኔ በምዕራብ ጎጃም ሥር በነበረው ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ ቀበሌ፣ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሠርቶ ነበር። የአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ፖፑሌሽን ካውንስል ከተባለው የምርምር ድርጅት ጋር ሆኖ፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በቡድን በቡድን አሰባሰበ። ትምህርት ያቋረጡት በሳምንት አምስት ቀን፣ ያገቡት ደግሞ እሑድ እሑድ ይገናኙ ነበር። የሚመሯቸው የዚያው አካባቢ ሴቶች ነበሩ። ፊደል ተቆጠረ፣ ስለ ጤናና ስለ ሙያ ተማሩ፣ ለተማሪዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ታደለ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትቀዳ የምትውል ልጅ መሰብሰቢያ ቢሠራላትም አትመጣምና የውኃ ጉድጓድም ታሰበበት።

ከወላጆች ጋርም ውል ነበር። ልጄን በእነዚህ ሁለት ዓመታት አልድርም ብሎ ቃሉን የጠበቀ፣ ልጁም በስብሰባው አዘውትራ የተገኘችለት ቤተሰብ በምረቃው ቀን አንዲት ፍየል አገኘ። ፍየል ለምን ያስፈልጋል የሚል የጎጃምን ገበሬ አያውቀውም። በዚያን ጊዜ በክልላችን የሴት ልጅ ማግቢያ አማካይ ዕድሜ 14 ዓመት ገደማ ነበር፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት ብሎ ነበር። ሕጉ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ፍየሏ ደጅ ላይ ታስራ ትታያለች።

ውጤቱ ተጠንቷል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች የማግባት ዕድላቸው፣ ሥራው ካልደረሰበት ቀበሌ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በትምህርት ላይ የመሆን ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ነበር። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ግን እንዲያውም ከእኩዮቻቸው በበለጠ አግብተው ተገኙ። ይህንንም መናገር ይገባል፤ መሰብሰቢያ ቦታ ተአምር አይሠራም፣ ጊዜ ይገዛል።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሐሳብ «ብሩህ ተስፋ» ተብሎ አዲስ አበባ መርካቶ ገባ። ሕንፃ አልተሠራም፤ ልጃገረዶቹ በቀበሌ ክፍሎች ነው የተሰበሰቡት። አስተባባሪዎቹ ሴቶች ቤት ለቤት እያንኳኩ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆችን ከአሠሪዎቻቸው እያስፈቀዱ አወጡ። ወጣቶች ይመጣሉ ብሎ ማዕከል ከፍቶ የተቀመጠና በር አንኳኩቶ የጠራ አንድ አይደሉም።

ቀበሌ ሲባል የኔ እኩዮች ሁለት ነገር ያስታውሳሉ። በ1967 ቀበሌ ሲቋቋም አዳራሹ የኪነት፣ የቴአትርና የጠረጴዛ ቴኒስ ቦታ ነበር። ወዲያው ደግሞ ወጣት የሚታሰርበት ሆነ። አዳራሹ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። ልጅ ሲገባ ማን ነህ፣ የማን ወገን ነህ የሚባልበት ቤት ምንጣፍ ቢነጠፍበትም መዋያ አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ስንትና ስንት ትምህርት ቤት በተዘጋበት በክልላችን ይህ ከድሮው ይልቅ ይመለከተናል።

ስለዚህ ለደጀንም ሆነ ለሌላው ከተማ የምለው አዲስ ሕንፃ እንጠብቅ አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍል ከአሥር ሰዓት በኋላ ባዶውን ያድራል። አምፖልና ጥቂት ወንበር፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት፣ ሲመሽ እስከ ቤት የሚያደርስ ሰው፣ ከአከራዮችና ከወላጆች ጋር አንድ ቀን ቡና ተጠጥቶ የሚደረግ ስምምነት ይበቃል። ቁልፉን ልጆቹ ለሚያምኑት ሰው ስጡ፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ አስተማሪ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ በየሰፈሩ አለች። አንቺም ከነዚህ አንዷ ከሆንሽ፣ ሂጂና ቁልፉን ጠይቂ።