ወለድ ሳይወርድ፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ በደቡብ ቆላ የከብት ገበያ ከተሞች

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በዱብሉቅና በሞያሌ የከብት ገበያዎች የሚገኝ ገንዘብ እንደ ደመወዝ በየወሩ በእኩል መጠን የሚገባ ሳይሆን፣ በሬው፣ ፍየሉ ወይም ግመሉ በተሸጠበት ዕለት በአንድ ጊዜ ከእጅ የሚደርስና ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የቤተሰቡን ቀለብ፣ የልጆቹን ትምህርትና የቀሩትን ከብቶች መድኃኒት የሚሸፍን ነው። ይህን ገንዘብ ባንክ ለማስቀመጥ የወሰነ ሰው በሁለት ጥያቄዎች መካከል ይቆማል፤ አንደኛው ገንዘቡ ምን ያህል ወለድ ያስገኛል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው መቼ ተመልሶ ያስፈልጋል የሚለው ነው። የወለድ ምጣኔ ሊወርድ ይችላል የሚል ግምት በሚሰማበት ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን ይሸፍነዋል፤ ዝናብ በሚያጥርበት ቆላ ግን ሁለተኛው ካልቀደመ ከፍተኛ ወለድ የተጻፈበት ውል እንኳ ጥቅሙ በችግር ቀን ሊጠፋ ይችላል።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ምንድን ነው?

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚባለው ገንዘብ አስቀማጩና ባንኩ በተስማሙበት ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ ለሦስት ወር፣ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት፣ ወጪ ላይደረግ የሚቀመጥ ገንዘብ ሲሆን፣ በምትኩ ባንኩ ከመደበኛው የቁጠባ ሂሳብ የሚበልጥ ወለድ በውል ያስራል። በመደበኛው ቁጠባ ደንበኛው በፈለገ ጊዜ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል፤ ባንኩም ወለዱን በፈለገ ጊዜ፣ ሕግ ካስቀመጠው ወለል በታች ሳይወርድ፣ መለወጥ ይችላል። በጊዜ ገደብ ውል ሁለቱም ወገኖች ነፃነታቸውን ለተወሰነ ጊዜ ይለቃሉ። ምጣኔው ቋሚ ነው ተብሎ እስከተጻፈ ድረስ የገበያው ወለድ ቢወርድ ባንኩ የተስማማበትን ይከፍላል፤ ቢወጣ ደግሞ አስቀማጩ በቀድሞው ምጣኔ ታስሮ ይቆያል። ወለድ ሳይወርድ ሂሳብ መክፈት የሚለው ምክር የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ወለድን የሚያወጣና የሚያወርድ ኃይል

በኢትዮጵያ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ወለል የሚወሰነው በብሔራዊ ባንክ ነው። ይህ ወለል በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር ከውጭ ምንዛሬ አንጻር 15 በመቶ እንዲዳከም በተደረገበት ወቅት ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ ግን በባንኩና በደንበኛው ድርድር የሚወሰን በመሆኑ፣ እንደ ገንዘቡ መጠን፣ እንደ ጊዜው ርዝመትና ባንኩ ጥሬ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው መጠን ከባንክ ባንክ ይለያያል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ላይ የተመሠረተ አድርጎ፣ ከንግድ ባንኮች ገንዘብ ሲሰበስብ ወይም ሲያበድር መነሻ የሚሆን 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ አወጀ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ይህ 15 በመቶ ለቆጣቢ የሚከፈል ወለድ አይደለም፤ ነገር ግን ባንኮች ገንዘብን የሚተምኑበት አቅጣጫ ጠቋሚ ስለሆነ፣ ዝቅ ማለት ሲጀምር የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድም ውሎ አድሮ ሊከተለው ይችላል። የፖሊሲ ወለዱ ከፍ እንዲል ያደረገው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረ ሲሆን፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም. 19.9 በመቶ፣ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ንረቱ በቀነሰ ቁጥር ማዕከላዊ ባንክ ወለድን ከፍ አድርጎ ለማቆየት ያለው ምክንያት ይሳሳል።

በተቃራኒው የሚገፋ ኃይልም አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ የተጣለው ገደብ በ2017 ዓ.ም. ወደ 18፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል፤ የበለጠ እንዲያበድር የተፈቀደለት ባንክ የሚያበድረውን ተቀማጭ ስለሚሻ ለአስቀማጮች የተሻለ ወለድ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ወለድ በዚህ ወር ይወርዳል ብሎ ቀን ቆርጦ ማስቸኮል ከሻጭ ንግግር የሚያልፍ ማስረጃ የለውም።

ወለድ መውረድ ከጀመረ ግን ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል ለሞያሌ ነጋዴ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገውም፤ ከከተማው ማዶ ያለው የኬንያ ገበያ አሳይቶታል። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የፖሊሲ ወለዱን 13 በመቶ አድርሶ ነበር፤ የሽልንግ ምንዛሬ ሲረጋጋና ንረቱ ሲቀንስ በነሐሴ 2024 ወደ 12.75 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ በተከታታይ ቅነሳም በሰኔ 2025 9.75 በመቶ ደረሰ። በ2024 አጋማሽ ገንዘቡን በቋሚ ወለድ ለአንድ ዓመት ያሰረ ሰው በዚህ ሁሉ ቅነሳ ውስጥ የቀድሞውን ምጣኔ ይዞ ሲቆይ፣ በየሦስት ወሩ ውል የሚያድስ ሰው ግን በእያንዳንዱ እድሳት ያነሰ ወለድ የሚቀርብለት ሆኗል።

በወረቀት ያደገና በገበያ ያደገ ገንዘብ

የወለድ ጥቅም የሚመዘነው ከዋጋ ንረት ጋር ተነጻጽሮ ነው። 100,000 ብር በ7 በመቶ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ 107,000 ይሆናል፤ በዚያው ዓመት ዋጋ በ14 በመቶ ቢጨምር ግን የገንዘቡ የመግዛት አቅም በዓመቱ መጀመሪያ ከነበረው 94,000 ብር አካባቢ አይበልጥም። ለማስረዳት ያህል 12 በመቶ የሚከፍል የጊዜ ገደብ ውል ቢገኝ፣ ንረቱ 14 በመቶ ላይ ከቆየ አስቀማጩ ጥቂት ይከስራል፤ ንረቱ ወደ 9 በመቶ ከወረደ ግን ወለዱ የታሰረ በመሆኑ ወደ 2,750 ብር የሚጠጋ እውነተኛ ትርፍ ያገኛል። ከዚህ ሂሳብ የሚታየው ቋሚ ወለድ ይበልጥ የሚጠቅመው ንረት በመውረድ ላይ ሳለ ውሉ ገና በከፍተኛው ምጣኔ ሲታሰር መሆኑ ነው። ከሚገኘው ወለድ ላይ ባንኩ ታክስ ቀንሶ ስለሚያስቀር፣ ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ከታክስ በኋላ በሚቀረው መጠን ነው።

አርብቶ አደሩ ሀብቱን በከብት የሚያኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ላም ትወልዳለች፣ ወተት ትሰጣለች፣ ዋጋዋም ከሌላው ዕቃ ጋር አብሮ ይወጣል። አደጋው የሚመጣው በድርቅ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ጊዜ በቦረና፣ በጉጂና በሶማሌ ቆላ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ከሞት የተረፈውም ሁሉም ለመሸጥ በወጣበት ገበያ፣ የእህል ዋጋ በወጣበትና የከብት ዋጋ በወደቀበት ቀን፣ በርካሽ ተሸጧል። ከመንጋው የተወሰነውን ሥጋው ሳይጎድል ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ማኖር ከብትን የሚተካ ሳይሆን፣ የሚቀረውን መንጋ በችግር ወቅት በመኖና በውሃ የሚያቆይ ስንቅ ነው።

ውሉን ከዝናቡ ጋር ማስማማት

በቦረና የቀን አቆጣጠር ዋናው ዝናብ ገና የሚባለውና ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ሲሆን፣ አጭሩ ዝናብ ሀገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ቦና ረጅሙ ደረቅ ወቅት ነው። በሀገያ ማብቂያ ከብት ሸጦ በኅዳር መጨረሻ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው የሦስት ወር ውል ቢገባ ገንዘቡ የሚለቀቀው በየካቲት መጨረሻ፣ ማለትም ሣርና ውሃ ክፉኛ በሚያንስበት ጊዜ ነው። የስድስት ወር ውል የሚያበቃው በግንቦት መጨረሻ፣ ገና መዝነቡ ወይም መክሸፉ ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ የአንድ ዓመቱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ሀገያ ማብቂያ ይዘልቃል።

በዚህ መሠረት 90,000 ብር ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ የዓመት ውል ከማሰር ይልቅ 30,000 በሦስት ወር፣ 30,000 በስድስት ወር፣ 30,000 በአንድ ዓመት ቢከፋፍለው፣ የወለድ መውረድ የሚጎዳው ከገንዘቡ ከፊሉን ብቻ ነው፤ ቦና ቢከብድም የመጀመሪያው ድርሻ በእጁ ይገባል። ይህ አከፋፈል በዓለም ገበያ ቆጣቢዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ በቆላው ተጨማሪ ጥቅሙ ቀኖቹን ከወቅቱ ጋር ማስማማት መቻሉ ነው። ለዕለት ወጪና ለድንገተኛ ሕክምና የሚሆነው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ በመደበኛ ቁጠባ መቆየት አለበት፤ ምክንያቱም ውሉ ሳያልቅ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የተስማማበትን ወለድ በከፊል ወይም በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

የባንክ ውል ብቻውን የሚበቃ መከላከያም አይደለም። ከብት ያለቀበትን ዘመድ ጎሳው ከብት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ በቦረና ዛሬም የሚታወቅ ሥርዓት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በደቡብ ቆላ የተደራጁ የቁጠባና ብድር ቡድኖችም አብዛኞቹ አባሎቻቸው ሴቶች ሆነው፣ የሰሜን ኬንያ የሴቶች ቡድኖችን ልምድ ተመልክተው፣ በቁጠባቸው ንግድና የከብት ግብይት ጀምረዋል፤ ሶሎሞን ደስታን ጨምሮ ተመራማሪዎች ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 በታወቀው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በቦረና የግጦሹን መድረቅ በሳተላይት ለክቶ ካሳ የሚከፍል የከብት መድን ጀምሯል።

በስልክ የሚከፈት ሂሳብ

በቆላው ከቅርንጫፍ እስከ ቅርንጫፍ ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ ስልክ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም የሚያገለግል ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሳንዱቅ የተባለውን የቁጠባ አገልግሎት አስተዋውቋል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የስልክ ቁጠባ አገልግሎት ኤም ሽዋሪ ከጊዜ በኋላ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ በስልክ የሚቆለፍበትን ሂሳብ ጨምሯል። ባንኮች አዲስ ሂሳብ ሲከፍቱ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እየጠየቁ በመሆኑ፣ ገበያ ከመድረሱ በፊት ምዝገባውን መጨረስ ጊዜ ይቆጥባል። በስልክ የሚፈረም ውል እንደ ወረቀቱ ሁሉ አስገዳጅ ነው፤ ስለዚህ ምጣኔው ቋሚ መሆኑ፣ ውሉ ሲያልቅ በራሱ የሚታደስ ከሆነ በየትኛው ወለድ እንደሚታደስና ቀድሞ ማውጣት የሚያስከትለው ቅጣት ከመስማማት በፊት መነበብ አለባቸው። የሚስጥር ቁጥርን ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይ እንኳ መናገር አይገባም።

በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ ለማይቀበሉ ብዙ የቆላ ነዋሪዎች ከወለድ ነፃ አገልግሎት አለ። ከመደበኛ ባንኮች መስኮቶች ሌላ፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ በዚህ መንገድ ይሠራል። ሙዳራባ በሚባለው ውል አስቀማጩ ገንዘብ፣ ባንኩ ሥራ ያዋጣሉ፤ ትርፉንም በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። የሚወሰነው የድርሻው መጠን እንጂ የትርፉ ልክ ስላልሆነ፣ ወለድ ሳይወርድ ማሰር የሚለው ስሌት በእነዚህ ሂሳቦች ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ውሉን ከወቅቱ ጋር የማስማማቱ ጉዳይ ግን በእኩል ይሠራል።

የገንዘቡን ደኅንነት በሚመለከት በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ፣ አባል የሆነ የገንዘብ ተቋም ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከዚህ በላይ ያለው ሰው ገንዘቡን ከአንድ በላይ በሆኑ ባንኮች ቢያካፍል ሽፋኑ ይሰፋል፤ ወለድ ለመደራደርም አማራጭ ይኖረዋል። ከፍ ያለ ወለድ ተገኘ ተብሎ ግን ለቦና የተያዘ ገንዘብ በዓመት ውል ሊታሰር አይገባም፤ በዓመት ውል ሊገኝ የሚችለው ጥቂት መቶኛ ጭማሪ በየካቲት ተገድዶ በርካሽ የሚሸጥን አንድ በሬ ኪሳራ አይሸፍንምና።