የአንገት ልክና የሌሊት ትንፋሽ

ባል ሲያንኮራፋ ሚስት የምታማርረው በድምፁ ነው። እኛ ግን ከድምፁ ይልቅ ዝምታው እንዲያሳስባት እንወዳለን። የተኛው ሰው በከባዱ ሲያንኮራፋ ቈይቶ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ደረቱም እየታገለ 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ አየር ሳይገባለት ቀርቶ እንደ ታነቀ ሰው ባንኖ ከተነፈሰ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው።

የጉሮሮ ግድግዳ አጥንት ስለሌለው ክፍት አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህም በእንቅልፍ ጊዜ ይላላሉ። በአንገት ዙሪያና በምላስ ውስጥ ስብ የተከማቸ እንደ ሆነ የአየሩ መተላለፊያ ይጠብባል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይዘጋል። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ሊጠየቅ ይገባዋል። ሜትሩን ከማንቁርት በታች ሳያጠብቁ ማዞር ነው። በ2008 (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) በካናዳ ወጥቶ ኋላ በተሻሻለው የ8 ጥያቄዎች መመርመሪያ መሠረት፣ የወንድ አንገት 43፣ የሴት 41 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አንድ የአደጋ ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 102 ኪሎ የሆነ ሰውም በውፍረቱ በኩል ሌላ ምልክት አለው።

በአማርኛ ሰው ሲወፍር «ተመችቶታል» ይባላል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አልቈለፍ ሲለው ደስ የሚለውም አይታጣም። ነገር ግን በአሜሪካ በዊስኮንሲን የተደረገና በ2000 የታተመ ጥናት፣ ክብደቱ በመቶ 10 የጨመረ ሰው የትንፋሹ መታወክ በመቶ 32 ያህል እንደሚጨምር፣ በመቶ 10 የቀነሰ ሰው ደግሞ በመቶ 26 ያህል እንደሚቀንስለት አመልክቷል።

ቀጭን ሰውም ቢሆን የታችኛው መንጋጋው አጭር ከሆነ ምላሱ ወደ ኋላ እየተጫነ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ሜትር ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ ቍርጡ የሚታወቀው ሌሊቱን ትንፋሹና በደሙ ያለው ኦክሲጅን ሲለካ ነው።

ሕመሙ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የደም ግፊት ያስከትላል፤ ሹፌሩንም በመሪው ላይ ያስተኛዋል። መድኃኒቱ ግን ተገኝቷል፤ በ1981 የአውስትራሊያው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው በአፍንጫ አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ መሣሪያ አስታወቁ። ሕመምተኛው የሌሊቱን ነገር ስለማያውቀው፣ ወደ ሐኪም ሲሄድ ያየችውን የምትናገር ሚስቱ አብራው ብትሄድ መልካም ነው።